ላቲስ ክሪፕቶግራፊ በወረቀትና በእስክሪቢቶ፦ ከቁልፍ ማውጣት እስከ ዲጂታል ፊርማ

ይሄን መመሪያ የምጽፈው አርኤስኤን ክላስ ውስጥ ተምሮ፣ ምናልባትም ፕሮጀክቱ ላይ ተጠቅሞበት፣ ላቲስ የሚባለውን ግን ስሙን ብቻ ለሰማ ሰው ነው። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም ሆነ ሌላ ቦታ ኮምፒውተር ሳይንስ የምትማሩ ልጆች ደሞ ለመመረቂያ ፕሮጀክት ይሆናችኋል። ኮድ አንጽፍም። ወረቀት፣ እስክሪቢቶና የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል፣ ምክንያቱም ኮድ ኮፒ አርጎ ያስኬደ ሁሉ ገብቶኛል ይላል፣ ኖይዙ ለምን እንደተጨመረ ስትጠይቁት ግን ዝም ነው፣ ነገሩ ሁሉ ያለው ደሞ እዛ ኖይዝ ላይ ነው። ቀኖቹና ዓመተ ምህረቶቹ በፈረንጅ ናቸው፣ አዋጅ ላይ ስደርስ ብቻ የኛን እጠቀማለሁ።

ለምን ላቲስ? ፒተር ሾር 1994 ላይ ባወጣው አልጎሪዝም በቂ አቅም ያለው ኳንተም ኮምፒውተር ከተሰራ ዛሬ የምንቆልፍባቸው አርኤስኤም ኤሊፕቲክ ከርቭም ይፈታሉ፣ ላቲስን ግን በኳንተምም ፈጥኖ የሚፈታ መንገድ እስካሁን አልተገኘም። እንዲ አይነት ማሽን ዛሬ የለም። ግን ዛሬ በኔትወርክ የሚያልፍ የተቆለፈ ዳታ ቀድቶ ማስቀመጥ ይቻላል፣ ማሽኑ ሲመጣ ይከፈታል። ስለዚ የሰው የህክምና ፋይል ወይ የመሬት ይዞታ መረጃ የምትይዙ ከሆነ ጉዳዩ የነገ አይደለም፣ የዛሬ ነው። ፊርማ ላይ ትንሽ ፋታ አለ፣ ፊርማ ለማስመሰል ማሽኑ በጊዜው መኖር አለበትና፣ ለ20 እና 30 ዓመት የሚቀመጥ ሰነድ ካልሆነ በቀር።

ላቲስ ምንድነው

ከሸዋሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን ስትወጡ ጣርማበር አካባቢ ጉም የሚውጠውን፣ በመስመር በመስመር የተተከለ ባህር ዛፍ አስቡ። በአንድ አቅጣጫ ይሄን ያህል እርምጃ፣ በሌላው ይሄን ያህል፣ እየደጋገማችሁ ከሄዳችሁ ሁሌም አንድ ዛፍ ስር ትደርሳላችሁ። ላቲስ ይሄ ነው፣ በቋሚ እርምጃ ድምር የሚደረስባቸው ነጥቦች ስብስብ። አሁን አንድ ሰው ጉሙ ውስጥ፣ ከአንዱ ዛፍ ትንሽ ፈቀቅ አርጎ አቁሟችሁ "ለናንተ ቅርቡ ዛፍ የቱ ነው?" አላችሁ እንበል። በሁለት አቅጣጫ ብቻ ቢሆን በዳበሳም ይገኛል። አቅጣጫው በመቶዎች ሲቆጠር ግን እስካሁን ፈጥኖ የሚያገኝ መንገድ አልተገኘም፣ ለኳንተም ኮምፒውተርም ጭምር። ኦዴድ ሬጌቭ 2005 ላይ ይሄን ችግር ወደ ቀላል የእኩልዮሽ ጨዋታ አመጣውና ከዛ በኋላ የመጣው አብዛኛው ስራ እዛ ላይ የተገነባ ነው። እኛም እሱን ነው በእጅ የምንሰራው።

ደረጃ 1፦ ቁልፍ ማውጣት

መሐል ሜዳ ገብስ የሚጭኑት እትዬ አስካለ፣ ደብረ ብርሃን ላሉት ጋሽ ደምሴ አንዲት ቢት ብቻ መላክ ይፈልጋሉ፣ 1 ከሆነ መኪናው ተጭኗል፣ 0 ከሆነ አልተጫነም። ቁልፍ የሚያወጡት ተቀባዩ ጋሽ ደምሴ ናቸው።

ሂሳቡ ሁሉ በ97 ነው፣ ማለትም ውጤቱን በ97 አካፍላችሁ ቀሪውን ብቻ ትይዛላችሁ፣ ኔጌቲቭ ከመጣ 97 ትጨምራላችሁ። ጋሽ ደምሴ ሁለት ሚስጥር ቁጥር ይመርጣሉ፣ ሀ = 23፣ ለ = 41። ከዛ በዘፈቀደ አምስት ጥንድ ቁጥሮች ይጽፉና እያንዳንዱን ጥንድ ከሚስጥሩ ጋር አባዝተው ይደምራሉ። የመጀመሪያው ጥንድ 12 እና 65 ነው፣ 12×23 + 65×41 = 2941፣ በ97 ቀሪው 31። እዚ ጋ 31 ብለው አይጽፉም። ትንሽ ያበላሹታል፣ +1 ጨምረው 32 ይሉታል። ኖይዝ የሚባለው ይሄ ነው። አምስቱም እንዲ ይሆናሉ፦

መስመር 1፦ 12፣ 65 → 32 (ኖይዙ +1)
መስመር 2፦ 80፣ 7 → 88 (ኖይዙ −2)
መስመር 3፦ 34፣ 58 → 56 (ኖይዙ 0)
መስመር 4፦ 9፣ 90 → 16 (ኖይዙ −1)
መስመር 5፦ 51፣ 22 → 39 (ኖይዙ +1)

በቅንፍ ያለውን ሰርዙት፣ ከሳቸው ሌላ ማንም አያየውም። የቀረው ሰንጠረዥ ፐብሊክ ኪያቸው ነው፣ በር ላይ ቢለጥፉትም ችግር የለውም። 23 እና 41 ደሞ ፕራይቬት ኪያቸው።

ደረጃ 2፦ ለመስበር ሞክሩ

ይሄን ደረጃ እንዳትዘሉት። ኖይዙ ባይኖር ኖሮ ሁለት መስመር ብቻ ይበቃ ነበር፣ 12ሀ + 65ለ = 31 እና 80ሀ + 7ለ = 90፣ ይሄ ሁለተኛ ደረጃ የተማርነው የሁለት ያልታወቁ እኩልዮሽ ነው፣ ስትፈቱት 23 እና 41 ቁጭ ይልላችኋል። ለማካፈል እንዲረዳችሁ፣ ዲተርሚናንቱ በ97 ቀሪው 25 ነው፣ በ25 ማካፈል ደሞ በ66 ማባዛት ማለት ነው፣ 25×66 = 1650 በ97 ቀሪው 1 ስለሆነ።

አሁን በተበላሹት ቁጥሮች ፍቱት፣ 32 እና 88 አርጋችሁ። መልሱ 44 እና 64 ይመጣል። አያችሁ? አንዱን በ1፣ ሌላውን በ2 ብቻ ነው የነካነው፣ መልሱ ግን ከእውነተኛው ጋር ጭራሽ አይገናኝም። መስመር 3 ላይ ብታስገቡት 67 ይሰጣችኋል፣ ሰንጠረዡ ግን 56 ይላል። ጋውስ ኤሊሚኔሽን እያባዛና እያካፈለ ሲሄድ ትንሿን ስህተት አብሮ እያባዛ ነው የሚሄደው፣ በሞዱሎ አለም ውስጥ ደሞ ትንሽ የነበረችው ስህተት አንዴ ከተባዛች ከየትኛውም ቁጥር አትለይም።

በርግጥ የኛን መጫወቻ ስልካችሁም ይሰብረዋል፣ 97×97 = 9409 ጥንድ መሞከር ነው ስራው። እውነተኛው ላይ ሚስጥሩ ሁለት ቁጥር ሳይሆን ብዙ መቶ ቁጥር ነው። አጥቂዎች የሚጠቀሙት መሳሪያ ከ1982ቱ ኤልኤልኤል አልጎሪዝም የተወለዱ የላቲስ ማሳጠሪያ ዘዴዎች ናቸው፣ የቁልፉ መጠን የሚወሰነውም እነሱ የት ድረስ እንደሚደርሱ ተሰልቶ ነው።

ደረጃ 3፦ መቆለፍ

እትዬ አስካለ ከሰንጠረዡ ደስ ያላቸውን መስመሮች በዘፈቀደ ይመርጣሉ፣ ለማንም አይናገሩም። 2፣ 3 እና 4ን መረጡ እንበል። በየአምዱ ይደምራሉ፦

80 + 34 + 9 = 123 → 26
7 + 58 + 90 = 155 → 58
88 + 56 + 16 = 160 → 63

መላክ የፈለጉት 0 ከሆነ እንዳለ ይልኩታል። 1 ከሆነ በመጨረሻው ቁጥር ላይ የ97ን ግማሽ፣ 48ን ይጨምራሉ፣ 63 + 48 = 111 → 14። መኪናው ተጭኗል፣ ስለዚ የሚላከው 26፣ 58፣ 14 ነው።

ደረጃ 4፦ መክፈት

ጋሽ ደምሴ በሚስጥራቸው 26×23 + 58×41 = 2976 ያገኛሉ፣ ቀሪው 66። ከዛ 14 − 66 = −52፣ 97 ሲጨመር 45። ደምቡ፣ ውጤቱ ከ25 እስከ 72 ውስጥ ከሆነ 1 ነው፣ ወደ 0 ወይ ወደ 97 ከተጠጋ 0 ነው። 45 ለ48 ቅርብ ነው፣ ስለዚ 1፣ ተጭኗል። 48 ሆኖ ያልመጣው የሶስቱ መስመሮች ኖይዝ ድምር −3 ስለሆነ ነው። 0 ቢልኩ ኖሮ 63 − 66 = −3 → 94 ይመጣ ነበር፣ ለ97 ቅርብ፣ ስለዚ 0። አምስቱም መስመር ቢመረጥና ኖይዙ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ቢሆን እንኳ ስህተቱ ከ5 አያልፍም፣ 24 ካልደረሰ ደሞ ንባቡ አይሳሳትም። ሲስተም ዲዛይን የሚያረጉ ሰዎች ቀኑን ሙሉ የሚከራከሩት በዚች ነው፣ ኖይዙ ካነሰ አጥቂው ይደርስበታል፣ ከበዛ ባለቤቱም አያነበውም።

ደረጃ 5፦ ተንኮለኛ ላኪ ሲመጣ

አብዛኛው መግቢያ ጽሁፍ ይሄን ይዘለዋል፣ ለኔ ግን ዋናው ቦታ ነው። አንድ ሌባ ራሱ መስመር 2፣ 3፣ 4ን ደምሮ 1ን ቆልፎ ላከ እንበል። መጨረሻውን ቁጥር አንድ አንድ እየጨመረ፣ 15፣ 16፣ 17 እያለ ይልካል፣ ጋሽ ደምሴ 1 ብለው ያነበቡበትንና 0 ብለው ያነበቡበትን ደሞ ከሚያረጉት ነገር ያውቃል፣ ሰው ልከዋል አልላኩም ብሎ። 27 ሲጨምር 45 + 27 = 72፣ አሁንም 1 ነው። 28 ሲጨምር 73፣ ወደ 0 ተገለበጠ። ከዚ ተነስቶ ውስጡ 45 እንደነበረ፣ ማለትም የሶስቱ መስመር ኖይዝ ድምር −3 እንደሆነ አወቀ! መስመሮቹን እየቀያየረ ጥቂት ጊዜ ከደገመው የእያንዳንዱን መስመር ኖይዝ ለይቶ ያወጣል፣ ኖይዙ ሲቀነስ የቀረው ያው የተማሪ እኩልዮሽ ነው።

መድሃኒቱ አለ። ተቀባዩ ከከፈተ በኋላ ያገኘውን መልእክት ይዞ ላኪው መቆለፍ የነበረበትን ስራ ራሱ እንደገና ይሰራዋል፣ የዘፈቀደ ምርጫውም ከመልእክቱ በሃሽ (ማንኛውንም ጽሁፍ ፈጭቶ የተወሰነ ርዝመት ያለው ቁጥር በሚያወጣ ስሌት) እንዲወጣ ስለተደረገ ውጤቱ አንድ ፊደል ሳይቀር ከመጣው ጋር መግጠም አለበት። ካልገጠመ "ተሳስቷል" አይልም፣ ዝም ብሎ የማይረባ የዘፈቀደ ቁልፍ ይመልሳል፣ ሌባው የሚማረው ነገር የለም። ላይብረሪ ስትመርጡ ይሄን ክፍል ቆርጦ የጣለ ካያችሁ ጥላችሁት ሂዱ።

ደረጃ 6፦ ወደ እውነተኛው ኤምኤል-ኬም

ኒስት የሚባለው የአሜሪካ የስታንዳርድ ተቋም ነሐሴ 13 ቀን 2024 ፊፕስ 203 የሚባለውን ስታንዳርድ አወጣ፣ ውስጡ ያለው ኤምኤል-ኬም የሚባል የጋራ ቁልፍ መላኪያ ዘዴ ነው፣ ከዛ በፊት ካይበር ሲባል የነበረው። በእጅ የሰራነው ነገር እዛ ላይ እንዴት እንደተለወጠ ልንገራችሁ። 97 የነበረው 3329 ሆኗል። ነጠላ ቁጥሮቻችን እያንዳንዳቸው 256 ቁጥር ያላቸው ፖሊኖሚያል ሆነዋል፣ ኤምኤል-ኬም-768 ላይ ሚስጥሩ 3 ፖሊኖሚያል ነው፣ 3×256 = 768፣ ስሙ ከዚ ነው የመጣው። ኖይዙ እዛም ከ−2 እስከ 2 ነው። በአንድ ጊዜ ደሞ አንድ ቢት ሳይሆን 256 ቢት ይላካል።

ፖሊኖሚያሉ የመጣው ለመጠን ነው። ያለሱ የሚሰራው ፍሮዶ በትንሹ ደረጃው እንኳ ፐብሊክ ኪዩ 9616 ባይት ነው። የኤምኤል-ኬም-768 ግን 1184 ነው፣ እሱንም ራሳችሁ ማስላት ትችላላችሁ፣ 768 ቁጥር በ12 ቢት 1152 ባይት፣ ሲደመር 32 ባይት ዘር። ትልቁ የዘፈቀደ ሰንጠረዥ አይላክም፣ ሁለቱም ወገን ከዛ 32 ባይት ዘር በሃሽ ያወጡታል። የተቆለፈው መልእክት 1088 ባይት ነው፣ የሚገኘው የጋራ ቁልፍ 32 ባይት። ፋይላችሁን የሚቆልፈው ላቲሱ አይደለም፣ በዛ 32 ባይት ኤኢኤስ የሚባለው የተለመደው መቆለፊያ ነው የሚቆልፈው።

ደረጃ 7፦ ፊርማ

አሁን ደሞ እትዬ አስካለ "45 ኩንታል ጭኛለሁ" ብለው መፈረም አለባቸው። ሀሳቡ ቫዲም ሊዩባሼቭስኪ 2009 ላይ ካመጣው ነው፣ ፈርመህ ሚስጥር ካፈሰስክ ጣለውና እንደገና ፈርም የሚል።

የአደባባይ ቁጥሮች፦ 17፣ 60፣ 35። የሳቸው ሚስጥር ትናንሽ ቁጥሮች ናቸው፦ 1፣ −1፣ 1። ፐብሊክ ኪያቸው 17 − 60 + 35 = −8 → 89።

ሲፈርሙ ከ−10 እስከ 10 ባለው ውስጥ ሶስት መሸፈኛ ቁጥር በዘፈቀደ ያወጣሉ፣ 6፣ 3፣ −8 ወጣ እንበል። 17×6 + 60×3 + 35×(−8) = 2። ይሄን 2 ከመልእክቱ 45 ጋር ደምረው በ4 ያካፍሉና ቀሪውን ይይዛሉ፣ 47 → 3። ይሄ የኛ የመጫወቻ ሃሽ ነው፣ ጥያቄ እንበለው። ጥያቄውን በሚስጥሩ አባዝተው መሸፈኛው ላይ ይደምራሉ፣ 9፣ 0፣ −5። ደምቡ ሶስቱም ከ−7 እስከ 7 ውስጥ መሆን አለባቸው ይላል፣ 9 ወጥቷል፣ ስለዚ ይጣላል። በሌላ መሸፈኛ፣ −4፣ 7፣ 2። ድምሩ 422 → 34። 34 + 45 = 79፣ በ4 ቀሪው 3። −4 + 3፣ 7 − 3፣ 2 + 3፣ ማለትም −1፣ 4፣ 5። ሁሉም ገቡ። ፊርማው፦ ጥያቄ 3፣ መልስ −1፣ 4፣ 5።

ጋሽ ደምሴ ሲያረጋግጡ 17×(−1) + 60×4 + 35×5 = 398፣ ከዛ ላይ 3×89 = 267 ሲቀነስ 131፣ ቀሪው 34። 34 + 45 በ4 ቀሪው 3፣ ገጠመ። መንገድ ላይ አንዱ 45ን 46 ቢያረገው 80 በ4 ቀሪው 0 ነው፣ አይገጥምም። 49 ቢያረገው ግን ይገጥማል፣ በ4 ሃሽ እንዲ ነው፣ 4 ምርጫ ብቻ ስላለም ማንም ገምቶ ማስመሰል ይችላል፣ እውነተኛው ላይ ግን ሼክ256 የሚባለው ሃሽ ስለሆነ መገመት አይታሰብም።

ለምን ይጣላል? መልሱ 13 ሆኖ ቢወጣ መሸፈኛው ቢበዛ 10 ነው፣ የቀረው 3 ከጥያቄ 3 ጋር ሲታይ ሚስጥሩ 1 ነው ብሎ እየጮኸ ነው። ከ−7 እስከ 7 ውስጥ ያለ መልስ ግን ሚስጥሩ 1 ይሁን 0 ይሁን −1፣ በእኩል እድል ይወጣል፣ ስለዚ ምንም አይናገርም። ሌላው ነገር፣ አንዱን መሸፈኛ ለሁለት የተለያየ ጥያቄ ከተጠቀማችሁበት መልሶቹን ቀንሶ ሚስጥራችሁን የሚያወጣው ህጻን ልጅ ነው።

ስታንዳርዱ ፊፕስ 204፣ ኤምኤል-ዲኤስኤ ይባላል፣ የቀድሞ ስሙ ዳይሊቲየም። ሂሳቡ በ8380417 ነው፣ መጣሉም እውነት ነው፣ ኤምኤል-ዲኤስኤ-65 አንድ ፊርማ ለማውጣት በአማካይ 5 ጊዜ ያህል ይሞክራል። ስለዚ የመፈረሚያ ጊዜው አንዴ ቶሎ አንዴ ዘግየት ቢል ባጉ የናንተ ኮድ ላይ ነው ብላችሁ አትጨነቁ።

ደረጃ 8፦ ስራ ላይ ስታውሉት

በመጀመሪያ መጠን። የኤድ25519፣ ማለትም የተለመደው የኤሊፕቲክ ከርቭ ፊርማ፣ 64 ባይት ነው፣ የኤምኤል-ዲኤስኤ-44 ደሞ 2420፣ የኤምኤል-ዲኤስኤ-65 3309። በኤስኤምኤስ ለመላክ ካሰባችሁ 2420ው 19 መልእክት ይፈጃል፣ ተዉት። ደረሰኝ ላይ ኪውአር ለማተም ካሰባችሁ ደሞ ትልቁ ኪውአር የሚይዘው 2953 ባይት ነው፣ 3309ኙ ጭራሽ አይገባም፣ 2420ው ይገባል ግን በመጋዘን ፕሪንተር የታተመውን ያን ያህል ደቃቅ ኪውአር መንዝ ላይ ካሜራው በተቧጨረ ስልክ የሚያነብ ጀግና አሳዩኝ። ኪውአሩ ላይ መለያ ቁጥር አርጋችሁ ፊርማውን ሰርቨር ላይ አስቀምጡት፣ ኔት ሲኖር ይረጋገጣል። የግድ ያለ ኔት መረጋገጥ ካለበት ፋልከን-512 አለ፣ ፊርማው 666 ባይት፣ እሱም ላቲስ ነው፣ ኒስት 2022 ላይ ከመረጣቸው አንዱ ነው፣ ግን ሲፈርም ፍሎቲንግ ፖይንት ይጠቀማልና በጥንቃቄ ካልተሰራ ሚስጥር ያፈሳል፣ እኔ ለጀማሪ አልመክረውም።

ለመቆለፍ ግን መጠኑ አያሳስብም፣ 1184 እና 1088 ባይት ለአንድ ግንኙነት ምንም ማለት አይደለም። አንድ ነገር ብቻ፣ የመጀመሪያው መልእክት ከ1500 ባይት ፓኬት አልፎ ለሁለት ይከፈላል፣ አንዳንድ አሮጌ ፋየርዎል ይሄን አያውቅምና ግንኙነቱን ይቆርጠዋል። ቢሮው ውስጥ እምቢ ብሎ በሞባይል ዳታ ከሰራላችሁ መጀመሪያ እዛ ጋ ፈልጉ።

ሁለተኛ፣ ብቻውን አትጠቀሙበት። ኤምኤል-ኬምን ከተለመደው የኤሊፕቲክ ከርቭ ቁልፍ መለዋወጫ ከኤክስ25519 ጋር አዳምራችሁ፣ ሁለቱም ካልተሰበሩ በቀር የማይከፈት አርጉት። ላቲስ ጠንካራ ነው ብለን እናምናለን እንጂ አይሰበርም ብሎ ያረጋገጠ የለም፣ ሚያዝያ 2024 ላይ ሰበርኩት የሚል ወረቀት ወጥቶ ስህተቱ እስኪገኝ ድረስ ሰው ሁሉ ከሳምንት በላይ ተጨንቆ ነበር። ክሮምም፣ ሲግናልም፣ ሰርቨር ውስጥ ከርቀት የሚገባበት ኦፕንኤስኤስኤችም የሚጠቀሙት አዳምረው ነው፣ ኦፕንኤስኤስኤች ከ10.0 ጀምሮ ኤምኤል-ኬም-768ን ከኤክስ25519 ጋር ዲፎልት አርጎታል፣ ሰርቨራችሁን አፕዴት ማረግ ብቻ ግማሹን ስራ ይጨርሳል።

ሶስተኛ፣ ከላይ በወረቀት የሰራነውን ኮድ አርጋችሁ ፕሮዳክሽን ላይ አታውጡ፣ እባካችሁ። ሂሳቡ ልክ ሆኖ እንኳ ኮዱ በሚፈጀው ጊዜ ሚስጥር ይወጣል፣ ካይበር ኮዶች ላይ አንዲት የማካፈል ኦፕሬሽን እንደ ቁጥሩ ጊዜዋ ስለሚለያይ ቁልፍ የሚያፈስ ቀዳዳ 2023 ላይ ተገኝቶባቸዋል። ኦፕንኤስኤስኤል 3.5 ኤምኤል-ኬምንም ኤምኤል-ዲኤስኤንም ይዟል፣ ጃቫ 24ም ሁለቱን፣ ጎ 1.24 ደሞ ኤምኤል-ኬምን። "ካይበር" የሚል ስም ብቻ ያለው ፓኬጅ ካያችሁ ከስታንዳርዱ በፊት የነበረው ሊሆን ይችላል፣ ከፊፕስ 203 ጋር አይግባባም።

ፊርማው ህጋዊ ይሁን ካላችሁ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010ን አንብቡት፣ አልጎሪዝሙ ምንም ያህል ጠንካራ ቢሆን ሰርተፍኬቱን ማን ሰጠው የሚለው ጥያቄ ይቀራል፣ ላፕቶፓችሁ ላይ ያወጣችሁት ቁልፍ ያን አይመልስም።

ከመልቀቃችሁ በፊት ይሄን ፈትሹ። ከፊርማው አንድ ባይት ቀይራችሁ መውደቁን እዩ፣ ከመልእክቱ አንድ ባይት ቀይራችሁም እንዲሁ። የተቆለፈውን አበላሽታችሁ ላኩ፣ ኤረር ሳይሆን የተለየ 32 ባይት መመለስ አለበት፣ ከዛ ኤኢኤሱ ላይ ይወድቃል። የዳታቤዛችሁን የፊርማ አምድ ስፋት እዩ፣ ለ256 ባይት የአርኤስኤ ፊርማ የተሰራ ከሆነ 3309ኙን ሳይነግራችሁ ይቆርጠውና ሁሉም ደረሰኝ ሀሰተኛ ሆኖ ይወጣል።